«ስሮው ኢን ዘ ታወል» ተስፋ መቁረጥ ነው እንዴ?

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት እህታችን የእንግሊዝኛው «ስሮው ኢን ዘ ታወል» በአማርኛ «ተስፋ ቆረጠ» ይባላል ወይ ብላ ስትጠይቅ አብዛኞቻችሁ አዎ ብላችኋታል። እኔ አልስማማም።

አባባሉ የቦክስ ነው። ቃል በቃል ፎጣ መወርወር ማለት ነው፣ ተሸንፈናል፣ ፍልሚያው ይቁም ለማለት። ድሮ የሚወረወረው ስፖንጅ ነበር፣ ኋላ ፎጣ ተካው። ወርዋሪው ደግሞ ቡጢ የሚቀምሰው ሰውዬ ሳይሆን ጥግ ቆሞ የሚያየው አሰልጣኝ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ቦክሰኛው ዲዮንቴ ዋይልደር ላስ ቬጋስ ላይ ከታይሰን ፉሪ ጋር ሲገጥም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። 7ኛው ዙር ላይ ዋይልደር ክፉኛ ቢደበደብም በእግሩ ቆሞ ነበር። ከጥጉ ከአሰልጣኞቹ አንዱ ማርክ ብሬላንድ ፎጣውን ወረወረና ፍልሚያው ቆመ። ዋይልደር ግን እስከ መጨረሻው መፋለም ነበር የምፈልገው ብሎ አማረረ። ፎጣው ተወረወረ እንጂ እሱ መች ተስፋ ቆረጠ?

አሁን ሰው ስለ ራሱም ይለዋል፣ የያዘውን ነገር ትቶ ሲወጣ። ለዚህ የሚቀርበው «እጅ ሰጠ» ነው፣ ወሬው ቀለል ካለ ደግሞ «በቃኝ አለ»። ተስፋ መቁረጥ የልብ ነገር ነው፣ ይሄኛው ግን በተግባር የሚታይ ውሳኔ ነው።

እዚሁ ጅማ ዙሪያ ያለውን የቡና ገበሬ አስቡት። ዋጋ ሲወድቅ ቅስሙ ይሰበራል። ቢሆንም ማሳውን ያርማል፣ ቀይ ቀዩን እየለቀመ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣል፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ቁጭ ብሎ ይለቅማል። ተስፋው ተሟጦ ሊሆን ይችላል፣ እጅ ግን አልሰጠም። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ጎረቤቱ ነው እጅ የሰጠው፣ ያውም ምናልባት ሂሳቡን በደንብ አስልቶ፣ ምንም ሳይከፋው። ለመጀመሪያው ሰውዬ እንግሊዝኛው «ሉዝ ሃርት» (ቅስም መሰበር) የሚለው ይሻለዋል።

«ፎጣ ወረወረ» ብለን እንዳለ እንውሰደው ያላችሁም አላችሁ። ለስፖርት ዜና ያስኬዳል። ቦክስ አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን ምንም አይነግረውም፣ «እጅ ሰጠ» እያለ ምን አስጨነቀን? እሱም እኮ ከፍልሚያ የመጣ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይሰራም፣ ብሬላንድ እንዳደረገው ሌላ ሰው ሲወረውርልህ። እዚያ ላይ እኔ «ይብቃው አለ» ብዬ ነው የምተረጉመው። የተሻለ ያላችሁ ወዲህ በሉ።