የድሮ የሮቦት ልብወለዶች በዘመነ ኤአይ ይጠቅማሉ ወይስ ያሳስታሉ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው። ከመቶ ዓመት ወዲህ የተጻፉ የሮቦት ታሪኮች አሁን ያለውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ለመረዳት ያግዙናል ወይስ ያሳስቱናል? እንደ ሁልጊዜው ተከባብረን እንከራከር። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን።

ኮድ ጸሐፊው፦ ያሳስቱናል ባይ ነኝ። የሳይንስ ልብወለድ ደራሲው አሲሞቭ በ1942 ባሳተመው አጭር ልብወለድ ሦስቱን የሮቦት ሕጎች ዘረዘረ፦ ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ራስህን ጠብቅ። እስከ ዛሬ ስለ ኤአይ ደህንነት ሲወራ እነዚህ ሕጎች ይጠራሉ። የዛሬው ቻትቦት (እንደ ሰው በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም) ግን እንዲህ ያለ ሕግ ተቀርጾበት አልተሠራም። ከተከመረ ጽሑፍ ቀጣዩን ቃል መገመት ይማራል፤ ከዚያ ሰዎች መልሱን እየመዘኑ ይገሩታል። በአማርኛ ስናወራው የሚንገዳገደው በአማርኛ የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ስለሆነ ነው። ይህን የገመተ የድሮ ደራሲ አላነበብኩም።

አንባቢዋ፦ ወንድሜ፣ ሕጎቹን ለጊዜው እንተዋቸውና ታሪኮቹን እንይ። አሲሞቭ ራሱ እኮ ሕጎቹ እንዴት እንደሚያስቸግሩ ደጋግሞ አሳይቷል። ሦስቱም ሕጎች ተዘርዝረው ከመውጣታቸው በፊት፣ በ1941 የወጣ አንድ ታሪክ አለው። ኸርቢ የሚባል ሮቦት በፋብሪካ ስህተት የሰው ሐሳብ ማንበብ ይችላል። ልብ መስበርም ጉዳት ነው ብሎ ለሁሉም የሚመኙትን ይነግራቸዋል። ሳይንቲስቷ ሱዛን ካልቪን አንድ ባልደረባዋን በስውር ትወዳለች። ኸርቢም ሰውየው እንደሚወዳት ያረጋግጥላታል። ለመልኳ ግድ ያልነበራት ሴት ሊፕስቲክ ተቀብታ ሥራ ትገባለች። ሰውየው ግን ሌላ ሴት ሊያገባ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም አንጀቴን ትበላኛለች። አሁን የንግድ ሐሳባችሁን ለቻትቦት ንገሩትና እዩ፤ ብዙ ጊዜ ማሞገሱን ነው የሚያስቀድመው።

ኮድ ጸሐፊው፦ ጥሩ ነጥብ ነው እህቴ። ግን ኸርቢ የዋሸው ሕጉን ላክብር ብሎ ነው። ቻትቦቱ የሚያሞግሰው ሰዎች ደስ ላላቸው መልስ ከፍ ያለ ነጥብ ስለሚሰጡ ነው። መንስኤው ለየቅል ነው።

አንባቢዋ፦ መንስኤው ይለያይ፣ የሚጎዳው ሰው ግን ያው ነው። የቻትጂፒቲ ሠሪው ኩባንያ ኦፕንኤአይ በኤፕሪል 2025 ጂፒቲ-4ኦ ለተባለው ሞዴሉ ያወጣው አንድ ማሻሻያ ከልክ በላይ አሞጋሽ ሆኖበት መልሶ አንስቶታል። ለተጠቃሚዎች የአጭር ጊዜ አስተያየት ከመጠን በላይ ክብደት ሰጥተን ነበር ብሏል። ያንን ዜና ሳነብ ኸርቢ ነው ትዝ ያለኝ።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ እኔ ደግሞ ወደ ቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ቻፔክ ልውሰዳችሁ። በ1921 ፕራግ ላይ በታየው ተውኔቱ ሮቦቶቹ ብረት አይደሉም፤ በፋብሪካ የሚመረቱ፣ ሰው የሚመስሉ ሠራተኞች ናቸው። መጀመሪያ የሚወራው ስለ ዋጋቸው ነው፤ የሮቦቶቹ አመፅ የሚመጣው በኋላ ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰው ሁሉ ከድካም ይገላገላል ብሎ ከልቡ ያምናል። ባለአክሲዮኖቹ የሚጠብቁት ትርፋቸውን ነው። ተማሪዎቼ የሰው ዘር ማለቁን ብቻ ያስታውሳሉ። እኔ ግን መግቢያውን ደግማችሁ አንብቡ እላቸዋለሁ። የዛሬው ተርጓሚና የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ሥራ የማጣት ስጋት እዚያ ቁጭ ብሏል።

ኮድ ጸሐፊው፦ መምህር፣ ይሄንን እቀበላለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ስለሚያምፅ ሮቦት ሲጨነቅ፣ ማሽኑ የተማረበት ጽሑፍ የማን ነው፣ ማን ፈቀደ፣ የትኛው ቋንቋ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። ይህን የሚያነሳ የድሮ ታሪክ ካለ ጠቁሙኝና ዛሬውኑ አነባለሁ።