በከተማ ውስጥ የሚቀርበውን የቀጥታ ሙዚቃ እንደ አድማጭ በቅርበት መከታተል የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ላለፉት ስምንት ወራት በምኖርበት ከተማ ባንዶች በቀጥታ መድረክ ላይ የሚያቀርቡትን ሙዚቃ ለመከታተል ስጥር ቆይቻለሁ። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ እየሰማሁ ስለተቸገርኩ፣ በዚህ መንገድ ቀድማችሁኝ የተጓዛችሁ ልምዳችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከዚያ በፊት ሙዚቃ ለእኔ ከስልኬና ከሬዲዮ የሚወጣ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ምሽት ጓደኛዬ ይዛኝ በሄደችበት ጠባብ የሙዚቃ ቤት ውስጥ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው አምስት ሙዚቀኞች ይጫወቱ ነበር። መድረኩ ከወለሉ ብዙም ከፍ ያላለ ስለነበረ፣ ድራመሩ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ቀና ብሎ ቤዝ ተጫዋቹን ሲያየው፣ ቤዝ ተጫዋቹም አንገቱን በትንሹ ነቅነቅ ሲያደርግ፣ ወዲያውም አምስቱ አንድ ላይ ሲታጠፉ በዓይኔ አየሁ። በዘፈን መሀል እንዲህ ያለ ንግግር እንዳለ እስከዚያች ሌሊት ድረስ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የታዋቂ ድምፃውያንን ገጾች በሙሉ መከታተል ጀመርኩ፤ ነገር ግን በዚያ የሚነገረው የትልልቅ ኮንሰርት ወሬ ብቻ ነው። የትንንሾቹን ቤቶች ዝግጅት የምሰማው በማግስቱ፣ እዚያ ከነበረ ሰው አፍ ነው። ደርሼ ስገኝም ፊት ለፊት ቆሜ እያለሁ የዘፈኑ ግጥም ጨርሶ የማይሰማኝ ጊዜ አለ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ጆሮዬ ሲጮኽ ዋለ። በዚህ ላይ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ለሙዚቀኞቹ ጥቅም ይሁን ጉዳት መለየት አልቻልኩም። ከተማው ውስጥ የሚሆነውን ሳያመልጣችሁ የምትከታተሉት እንዴት ነው?

መልስ፦ ከረጅም ጊዜ ተከታታይ

እንኳን ወደዚህ ፍቅር በደህና መጡ። ጥያቄዎን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አስታወሰኝ፤ እኔም ያኔ የተሳሳትኩት እርስዎ በተሳሳቱበት ቦታ ነበር። ድምፃዊን ብቻ የሚከተል ሰው የሚደርሰው ማስታወቂያ ወዳለበት ብቻ ነው። እርስዎ ግን በዚያች የመጀመሪያ ምሽት የማረክዎትን ነገር ራስዎ ጽፈውታል፤ የድራመሩና የቤዝ ተጫዋቹ መተያየት ነው። እንግዲያው መከተል ያለብዎት እነርሱን ነው።

በአንድ ከተማ ውስጥ የሚፈለጉ ድራመሮችና ቤዝ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ከባንዶቹ ያነሱ ስለሆኑ፣ አንዱ ሰው ማክሰኞ ከአንዱ፣ ዓርብ ከሌላው፣ እሑድ ደግሞ ከሦስተኛው ባንድ ጋር ሲጫወት ይገኛል። የአንድን ድራመር ስም ይዘው ገጹን ቢከታተሉ፣ ሦስትና አራት ባንዶችን ከነሚጫወቱበት ቤት ያገኛሉ፤ ከእነዚያ ባንዶች አባላት ደግሞ ወደ ሌሎች ይሻገራሉ። እኔ የከተማዬን ሙዚቃ ካርታ ያወቅኩት ሌላ ምንም ሳልጠቀም በዚህ መንገድ ነው። የሙዚቀኞቹን ስም ለማግኘትም ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ድምፃዊው ወደ መጨረሻው አካባቢ የባንዱን አባላት አንድ በአንድ ሲያስተዋውቅ፣ ሌላው ሰው በሚያጨበጭብበት ጊዜ እርስዎ ይጻፉ።

ስለ መጻፍ ካነሳሁ ደብተሬን ላስተዋውቃችሁ። በኪስ የምትገባ፣ ጥግ ጥጓ የተበላሸ ደብተር ናት። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ቤቱን፣ እነማን እንደተጫወቱ፣ የት ቆሜ እንደሰማሁና ልረሳው የማልፈልገውን አንድ ነገር ብቻ እጽፋለሁ። በአንዱ ገጽ ላይ «ዋናው ድራመር አልመጣም፤ የተካው ልጅ የመጨረሻውን ዘፈን ቀስ አድርጎ ያዘው፤ ሳክስፎኑ የሚተነፍስበት ቦታ አገኘ» የሚል አለ። ያንን ዘፈን ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ባልሰማው ኖሮ ልዩነቱ አይታየኝም ነበር። ስለዚህ ባንዱን አንድ ጊዜ አይቶ ከመፍረድ ይልቅ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ቢቻል በተለያየ ቤት መስማት ያስፈልጋል። ሰው ወዳጁን በአንድ ቀን አያውቀውም፤ ባንድም እንደዚያው ነው።

ሌላው በሳምንቱ መካከል መውጣት ነው። ቅዳሜ ሌሊት ቤቱ የሚሞላው ለመዝናናት በመጣ ሰው ስለሆነ፣ ባንዱም ሰው የሚያውቃቸውንና የሚያስጨፍሩ ዘፈኖችን ማቅረብ ይቀናዋል። ሙዚቀኞች ራሳቸው ያዘጋጁትን አዲስ ሥራ የሚሞክሩት፣ ከሌላ ባንድ የመጣ ጓደኛቸውን ወደ መድረክ የሚጋብዙትና ዜማውን እንደልባቸው የሚያስረዝሙት ሰው በሚሳሳበት ምሽት ነው። መክፈቻውን የሚጫወተው ባንድ ሳይጀምር መድረስም አይዘንጋ። ዛሬ ማስታወቂያቸው ግድግዳውን ከሞላው ባንዶች መካከል ሁለቱን እኔ መጀመሪያ የሰማኋቸው ሃያ በማይሞላ ሰው ፊት መክፈቻ ሲጫወቱ ነበር።

መልስ፦ ከአንድ የድምፅ ባለሙያ

ከላይ ያለው ምክር ትክክል ነው። እኔ ግጥሙ ለምን እንደማይሰማዎትና ስለ ጆሮዎ ብቻ ልጻፍ፤ በተለይ ሁለተኛው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በትንሽ ቤት ውስጥ ከመድረኩ ሥር የቆመ ሰው የሚሰማው ድራሙንና የጊታሩን ማጉያ በቀጥታ ነው። የድምፃዊው ድምፅ ግን በዋናነት የሚወጣው ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከቆሙት ትልልቅ ስፒከሮች ሲሆን፣ እነርሱ የተነጣጠሩት ከኋላ ወዳለው ሕዝብ ስለሆነ ከፊት መሀል ላይ ያለውን ሰው አልፈውት ይሄዳሉ። መድረኩ ላይ የሚታዩት ሞኒተር የሚባሉት ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ ፊታቸውን ወደ ሙዚቀኞቹ ያዞሩ ናቸው። ስለዚህ ሚክሰሩ፣ ማለትም የሁሉም ድምፅ የሚመጣጠንበት መሣሪያ፣ ወዳለበት ይጠጉ፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በራሱ ጆሮ እየሰማ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ተመጣጥኖ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አካባቢ ነው። ከግድግዳና ከጥግ ግን ይራቁ፤ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ እዚያ ይከማችና ሌላውን ይሸፍነዋል። ሳውንድ ቼክ የሚባለው ከዝግጅቱ በፊት ያለው የድምፅ ፍተሻ የሚደረገው ቤቱ ባዶ ሳለ መሆኑንም ያስታውሱ። ሰው ሲገባ ገላውና ልብሱ ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሚመጠው፣ ቀን የተስተካከለው ማታ ይለወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ግራ የሚያጋቡት ባለሙያው እንደገና እያስተካከለ ስለሆነ ጥቂት ይታገሡት።

በትልልቅ አዳራሾች ርቀትም የራሱ ጠባይ አለው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የድራመሩ ዱላ ሲያርፍ ካየ በኋላ ድምፁ የሚደርሰው የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ሙዚቀኛው ከምቱ የወጣ የሚመስላችሁ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጆሮዎ ልመለስ። እስከ ማግስቱ ቀትር መጮኹ ጆሮዎ ከሚችለው በላይ መሸከሙን የሚናገር ምልክት ነው። የድምፅ መጠን በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ያለ ጉዳት ሊቆዩበት የሚችሉት ጊዜም በግማሽ ይቀንሳል። ለሠራተኞች ደኅንነት በሚሠራበት አንድ የታወቀ መመሪያ መሠረት 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ቢፈቀድ፣ በዚህ ስሌት 100 ዲሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶችና ዝግጅቶች ባወጣው መስፈርት፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚለካው አማካይ ድምፅ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ፣ ለአድማጮች የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብና ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ስፍራ እንዲኖር ጠይቋል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው ይህን በቁም ነገር የያዝኩት፤ ዛሬ በቀኝ ጆሮዬ የማይጠፋ ቀጭን ፉጨት አለ። ተራው የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ቀጫጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚያፍን ሙዚቃውን ያደበዝዘዋል። ለሙዚቀኞች ተብሎ የሚሠራው መሰኪያ ሁሉንም ድምፅ በተቀራራቢ መጠን ስለሚቀንስ ግጥሙ ጠርቶ ይሰማል። በየሳምንቱ የሚወጣ ሰው ከትኬት በፊት ይህንን ይግዛ።

መልስ፦ ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች

መቅረጽን በተመለከተ እኛ ከመድረኩ በኩል እንዴት እንደምናየው ልንገራችሁ። የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ቀርጾ የባንዱንና የቤቱን ስም ጽፎ የሚለጥፍ ሰው ውለታ ይውልልናል። ችግሩ ገና እየሞከርነው ያለውን አዲስ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጾ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ያላለቀ ሥራ አንድ ጊዜ ከወጣ ሰዎች የሚያውቁት በዚያ መልኩ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ መሆኑን ስንናገር ስልኩን ዝቅ አድርጉልን፤ ካልሆነም በዕረፍት ሰዓት ጠይቁን፤ አብዛኞቻችን ደስ ብሎን እንፈቅዳለን። በተረፈ ከስፒከሩ አጠገብ ሲቀረጽ የቤዙ ኃይል ለስልኩ ማይክ ስለሚበዛበት የተቀረጸው ድምፅ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ መቅረጽ ይሻላል።

ገንዘቡን ብዙ አድማጭ ስለማያውቀው ግልጽ ላድርገው። አንዳንድ ቤት ለምሽቱ የተቆረጠ ክፍያ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመግቢያው ድርሻ ይሰጣል። ድርሻ በሚሰጥበት ቤት፣ በሙዚቀኛ ወዳጅነት በነጻ የሚገባ እያንዳንዱ ሰው ከእኛው ኪስ የሚወጣ ነው። በአንድ ወቅት ቤቱ ሞልቶ እየተጫወትን ሳለ ሒሳቡ ሲመጣ የተቆጠረልን ሰው ከግማሽ በታች ነበር፤ ስንት ሰው እንደገባ የሚመሰክርልን አልነበረንምና አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳችንን ሰው በር ላይ እናስቀምጣለን። እናንተም ስትገቡ በር ላይ ላለው ሰው የመጣችሁት የትኛውን ባንድ ለመስማት እንደሆነ ንገሩት፤ ባለቤቱ ለሚቀጥለው ወር ማንን እንደሚጠራ የሚወስነው እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ኪቦርዱ በዝግታ ሶሎ ሲጫወት ወሬያችሁን ዝቅ አድርጉልን። የሚሰማ ሰው እንዳለ ከመድረክ ላይ ሆነን እናውቃለን፤ አንድ ጠረጴዛ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ስናይ ያንን ሶሎ እናስረዝመዋለን።

መልስ፦ ከሌላ ተሳታፊ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሙዚቀኞቹን መከተል መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤቶቹንም አትርሱ፤ ቤቱ ከተዘጋ ባንዱ የሚያድግበት ቦታ የለውም። ለዓመታት ሙዚቃ ሲሰማበት የኖረ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ ይሠራል፤ ነዋሪዎቹ ይገቡና ስለ ድምፁ ያመለክታሉ፤ ቤቱም ይዘጋል። ይህ በብዙ የዓለም ከተሞች ስለታየ፣ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014፣ እንግሊዝም በ2018 የድምፅ መከላከያውን ወጪ ኋላ የመጣው ገንቢ እንዲሸከም የሚያደርግ መርሕ በግንባታ ደንባቸው ውስጥ አስገብተዋል። በምትኖሩበት ከተማ እንዲህ ያለ ውይይት ሲነሳ፣ በደብተር የተያዘ የአድማጭ ማስታወሻ ቤቱ ለከተማው ምን እንደሠራ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናልና ጠብቁት።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ዕለት መሰኪያ ገዝቼ፣ ደብተር ይዤ፣ መክፈቻው ሳይጀመር ደረስኩና ከሚክሰሩ አጠገብ ቆምኩ። ለወራት ስሰማው የነበረውን አንድ ዘፈን ግጥሙን ሙሉ በሙሉ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ የፍቅር ዘፈን ይመስለኝ የነበረው ለካ ለሟች ወንድም የተገጠመ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሠላሳ የማንበልጥ ሰዎች ነበርን።

መብራቱ ወደ ኋላ ሲዞር ድራሙ ላይ የተቀመጠውን ሰው ለየሁት፤ ያ የመጀመሪያው ምሽት ድራመር ነው፤ ባንዱ ግን ሌላ ነው። ቀና ብሎ ያየው የነበረውም ሌላ ቤዝ ተጫዋች ሲሆን፣ እሱ አንገቱን አይነቀንቅም፤ በጫማው ጫፍ ወለሉን መታ ያደርጋል። ስማቸው ሲጠራ ሁለቱንም ጻፍኩ። ድራመሩ በመጪው ማክሰኞ እኔ ገብቼበት በማላውቀው ቤት ከሦስተኛ ባንድ ጋር እንደሚጫወት ገጹ ላይ አይቻለሁ፤ ከመካከላችሁ የሚመጣ ካለ ከሚክሰሩ በስተግራ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።