በተጨናነቀ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳሩን ይያዝ ወይስ መሐሉን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት አራት ወራት ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው፤ መንገዱ በአንድ ጉዞ ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪኖችን እንዳላስቸግር በማለት ሁልጊዜ የአስፋልቱን ጠርዝ ተጠግቼ እሄዳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ዳር ከቆሙት መኪኖች የአንዱ በር በድንገት ተከፍቶ የመሪዬን ጫፍ ስለመታው ወደ መሐል ወደቅሁ፤ ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ሹፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ በጉልበት መላላጥ ብቻ ባልተረፍሁ ነበር። ዳሩን መያዜ ስሕተት ነው? ወደ መሐል ብገባስ የጡሩምባውን ጩኸት እንዴት እችለዋለሁ?

ምላሽ 1፦
እንኳን ለክፉ አልሰጠዎት። የመኪና በር ሲከፈት አንድ ሜትር ገደማ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት ደግሞ በአንድ ሰከንድ ከአምስት ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በሩን አይተው ፍሬን እስኪይዙ ድረስ ጊዜው ያልፋል፤ የሚያድነው ንቃት ብቻ ሳይሆን ርቀት ነው። ከቆሙ መኪኖች ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቁ። የሚሄዱበት የመንገዱ ረድፍ መኪናና ብስክሌት ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ከሆነ የረድፉን መሐል ይያዙ፤ ሹፌሮች በግማሽ ክፍተት ተሽሎክሉከው ለማለፍ የሚሞክሩት ዳር ሲለጠፉላቸው ነውና። በቆሙ መኪኖች መካከል ገባ ወጣ ማለት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ድንገት ብቅ ሲሉበት ይደነግጣል። ጡሩምባው፣ እውነቱን ለመናገር፣ መታየትዎን ያረጋግጣል።

ምላሽ 2፦
እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆንሁ ከጋቢና ሆኖ የሚታየውን ልናገር። መኪና ቀኙን ይዞ በሚሄድበት አገር፣ መብራት ላይ በቀኜ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ የቆመ ብስክሌት ከመስኮቱ በታች ስለሚውል በስፖኪዮ ላይታየኝ ይችላል። ወደ ቀኝ ስታጠፍ የኋላ ጎማዎቼ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ማዕዘኑ ይጠጋሉ፤ ስቆም ሰፊ የነበረው ክፍተት ያኔ ይጠፋል። እባክዎ ከኋላ ይጠብቁ። ፊቴን በስፖኪዮው ውስጥ ካላዩ እኔም አላየሁዎትም። ፍሬቻ ማብራት የሚረሳ ሹፌር አይጠፋምና የፊት ጎማውን አቅጣጫ ይመልከቱ።

ምላሽ 3፦
መሐሉን መያዝ መኪኖች ቀስ ብለው በሚሄዱበት ጎዳና ልክ ነው፤ በሰዓት 60 በሚበሩበት ላይ ግን አልስማማም። እኔ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሬ በውስጥ መንገድ እሄዳለሁ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የብረት ክዳኖችና የተቀቡ መስመሮች ስለሚያንሸራትቱ በእነሱ ላይ መሪ አይጠምዝዙ፣ ፍሬንም አይያዙ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ከበሮቹ ርቄ ሄድሁ፤ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ተነፋብኝ፣ ታክኮኝ ያለፈ ግን አልነበረም። የቸገረኝ ወደ ኋላ ለማየት ዞር ስል መሪው አብሮኝ መዞሩ ነው።

ምላሽ 1፦
ክርንዎን ላላ አድርገው አገጭዎን ወደ ትከሻዎ ያምጡ እንጂ ደረትዎን አያዙሩ። መኪና በሌለበት ሜዳ በተቀባ መስመር ላይ እየነዱ ይለማመዱት፤ ከመስመሩ ሳይወጡ ከኋላዎ የቆመ ሰው ስንት ጣት እንዳነሣ መናገር ሲችሉ ወደ መንገድ ይዘውት ይውጡ።