ነርቩ የተገደለ ጥርስ ሲያመረቅዝ

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ከ9 ዓመት በፊት ደሴ ነርቩ ተገድሎ የተሞላልኝ የታች መንጋጋ ጥርስ ባያመኝም፣ ድዱ ላይ ምስር የምታህል እብጠት ትወጣና ጨው ጨው የሚል መግል አፍስሳ ከጠፋች በኋላ በየጥቂት ሳምንቱ ትመለሳለች። አሞክሳሲሊን ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። ካላመመኝ ልተወው ወይስ ላስነቅለው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሕመም አለመኖሩ አያዘናጋዎት፤ የጥርሱ ነርቭ ስለወጣና መግሉም መውጫ ስላገኘ ነው የማያምዎት። መድኃኒቱ ደም በማይደርስበት የሥሩ ቦይ ውስጥ ስለማይገባ ተሕዋስያኑ እዚያው ይቀራሉ። የሥሩን ጫፍ የሚያሳይ ራጅ ይነሡ፤ የድሮው ራጅ ካለም ይዘው ይሂዱ፣ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ጥላ መስፋቱ የሚታወቀው በንጽጽር ነውና።

መልስ፦ የእኔው ሐኪም በእብጠቷ ቀዳዳ ቀጭን የጉታ ፐርቻ (የሥር ቦይ የሚሞላበት ጎማ መሰል ነገር) ዘንግ አስገብቶ ራጅ በማንሣት መግሉ ከየትኛው ሥር እንደሚመነጭ አሳየኝ፤ ጥርሱም እንደገና ተከፍቶ፣ ተጠርጎና ተሞልቶ ዳነ። ይህ ካልተቻለ የሥሩን ጫፍ በቀዶ ሕክምና መቁረጥም አለ። ሥሩ ቁመቱን ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ከመንቀል ሌላ መላ የለውም።

መልስ፦ ፊትዎ ካበጠ፣ ካተኮሰዎት፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።