ክርክር፦ ማስረጃው ሳያልቅ አውሮፕላን ማስቆም ልክ ነው?

ፊልመኛ፦
«ኖ ሃይዌይ ኢን ዘ ስካይ» የሚባል በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም አለ። ጄምስ ስቱዋርት እያለበት እንኳ የሚያስታውሰው ሰው ትንሽ ነው። የሚሠራው ዝንጉ ሳይንቲስት ሆኖ ነው፤ ስሙ ሃኒ። እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ የአንድ አዲስ አውሮፕላን ጭራ ቀን ከሌት እያንቀጠቀጠ ይፈትሻል። በስሌቱ ጭራው 1,440 ሰዓት ገደማ ሲበር ይሰበራል። አንድ ቀን አየር ላይ ሆኖ የተሳፈረው በዚያው ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ ያውቃል። ሰዓቱም ደርሷል። ካናዳ፣ ጋንደር በሰላም ያርፋሉ። ጉዞው ሊቀጥል ሲል ሃኒ የጎማውን ማጠፊያ ይስበዋል። አውሮፕላኑ በሆዱ ዘጭ! እኔ ደግ አደረገ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የቀበናው፦
ምን ደግ አለው? ስሌት አለኝ ያለ ሁሉ እጁን ከሰደደ ማን ይበራል? ደግሞ ላብራቶሪው ውስጥ 1,440 ሲሞላ ጭራው አልተሰበረም። ሰውዬው ተሳስቷል፣ አለቀ።

ፊልመኛ፦
መጨረሻውን ሳታይ ተነስተሃል ማለት ነው። ቆይቶ ተሰበረ እኮ! ሃኒ ሰዓቱን ሳተ እንጂ ነገሩን አልሳተም። ፊልሙን የወደድኩትም ለዚህ ነው፤ ጀግናውን ሁሉን አዋቂ አላደረገውም።

ጥገና ቤት፦
እኔ የአውሮፕላን ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ሽቦን በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ ስታጥፉት መጀመሪያ ምንም አይመስልም፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። የብረት ድካም ይሄው ነው።

ፊልሙ በወጣ በዓመቱ ኮሜት የተባለው የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ሥራ ጀመረ። ጥር 1954 እ.ኤ.አ. አንዱ ጣሊያን፣ ኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ተበታተነ፣ 35 ሰው አለቀ። ኮሜቶቹን ከበረራ አወጧቸው። መንስኤውን ግን አላገኙትም። እሳት ሊሆን ይችላል ብለው ብዙ ነገር ቀያየሩና በመጋቢት መልሰው አበረሯቸው። በ16ኛው ቀን ሌላው ኔፕልስ አካባቢ ወደቀ፣ 21 ሰው። ከዚያ በኋላ ነው እዚያው ፋርንቦሮ አንዱን ኮሜት ገንዳ ውስጥ ከተው፣ ውሃ እየሞሉ ግፊቱን ደጋግመው የፈተኑት። አካሉ ተቀደደ። የብረት ድካም! የቀበናው፣ «ማስረጃ እስኪገኝ ይብረር» ያለው ወገን 21 ሰው አስከፍሏል።

ሐኒ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሩቅ አትሂዱ። መጋቢት 10፣ 2019 እ.ኤ.አ. የኛው በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ሲወድቅ 157 ሰው ሞተ። አየር መንገዳችን የቀሩትን ማክሶች ወዲያው አቆመ። ቻይናም በማግስቱ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ግን «ለማገድ መነሻ የለኝም» ብሎ እስከ መጋቢት 13 ቆየ። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆኜ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ፓይለቶቻችን ችሎታ ሲወራ እሰማ ነበር። በኋላ በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ቁልቁል የሚደፋው ሲስተም ጉድ ወጣ።

የቀበናው፦
ሐኒዬ፣ እሱ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ግን እሱን ለፊልሙ ሃኒ ምስክር አታድርጊው። ከዚያ አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ያ ጥርጣሬ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ያቆመውም ሥልጣን ያለው አካል ነው፣ ኮክፒት የገባ መንገደኛ አይደለም።

ጥገና ቤት፦
ሃኒ መጀመሪያ ለፓይለቱ ነግሮታል እኮ። ሰሚ አጣ። እኛ ቤት አንድ ጀማሪ ቴክኒሻን «ይሄ ነገር ደስ አላለኝም» ብሎ ካልፈረመ አውሮፕላኑ አይወጣም። ሃኒ የሚፈርምበት ወረቀት ቢኖረው ማጠፊያውን ባልነካ።

የቀበናው፦
የ16ቱን ቀን አላውቅም ነበር፤ እሱን ተቀብያለሁ። ማጠፊያውን ግን አልፈርምለትም። መጨረሻውን ዛሬ ማታ አያለሁ።