አሮጌው ድልድይ ይጠገን ወይስ አዲስ ይሠራልን?

ጠያቂው፦ አዲስ አበባ፣ እኛ ሰፈር ያለው ድልድይ ሥሩ አርማታው ተላጦ ፌሮው ወጥቷል። ጥያቄዬ አጭር ነው። ከተማ አዲስ ድልድይ ከመሥራቷ በፊት አሮጌዎቹን መጠገን የለባትም?

ባለሚኒባሱ፦ የለባትም! የባሕር ዳሩን የዓባይ ድልድይ እዩ። አሮጌው ስድሳ ዓመት ገደማ ተሸከመ። ቢጠገን ይሰፋ ነበር? በግንቦት 2016 አዲሱ፣ ያ 380 ሜትሩ፣ ሲከፈት ነው መንገዱ የተነፈሰው።

የፒትስበርጓ፦ ወንድሜ፣ እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ከተማ ጥር 20 ቀን 2014 ፈርን ሆሎው የሚባል ድልድይ ጠዋት ላይ ወደቀ። አውቶቡስ ሳይቀር አብሮ ወረደ። ሰው አለመሞቱ ተአምር ነው። የሚገርመው፣ የዚያኑ ቀን ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ መንገድና ድልድይ ሊናገሩ ወደዚሁ ከተማ እየመጡ ነበር። መርማሪዎቹ ምን አገኙ? የውሃ መውረጃው በቅጠልና በቆሻሻ ተደፍኗል። ውሃው የድልድዩ እግር ላይ እየተኛ ብረቱን በልቶታል። ድልድዩ ከአሥር ዓመት በላይ «ደካማ» እየተባለ ሪፖርት ይጻፍለት ነበር። አዲሱ ግን ዓመት ሳይሞላ ተሠርቶ አለቀ! ቅጠል ማስጠረግ ያቃተው ከተማ ድልድይ መሥራት አላቃተውም።

መሐንዲሱ፦ ሁሉንም በጥገና እጦት አታሳብቡ። በሐምሌ 1999 እዚያው አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ላይ 13 ሰው የሞተበት ድልድይ ችግሩ ከንድፉ ነው። ብረቶቹን የሚያያይዙት ሰሌዳዎች ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበሩ። ጀርመን ድሬስደን የነበረው የካሮላ ድልድይ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2017 ሌሊት ከፊሉ ተናደ። ልክ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል። አርማታው ውስጥ የተወጠረው ሽቦ ተሰነጣጥቆ ነበር። ያ ከውጭ በዓይን አይታይም።

የፒትስበርጓ፦ እሺ፣ የማይታየው ይቅር። የሚታየውንስ ማን አየው?

ጠያቂው፦ እኔ አየሁት። ትናንት ከሥራ ስመለስ ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። የውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ መዳፍ ታህላለች። ውስጧ የሃይላንድ ክዳን፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ። ጭቃው ከመክረሙ ብዛት ሣር አብቅሏል። ሣሩ እንኳን ያምራል። ለሚመለከተው ቢሮ ስናመለክት «በጀት አልተያዘለትም» አሉን። ለአንድ ጆንያ ጭቃ!

ባለሚኒባሱ፦ እዚህ ላይ እንኳን ልክ ነህ። የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመበት ከ1989 ጀምሮ ነዳጅ በቀዳን ቁጥር ለጥገና እየከፈልን ነው። እኔ የማየው ጥገና ግን አስፋልት ላይ ጉድጓድ ሲደፈን ነው። ድልድይ ሥር የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚያ ሪባን የለም፣ ካሜራ የለም። ግን እኛም ንጹሕ አይደለንም። የድልድዩን መደገፊያ ብረት ሌሊት ነቅሎ ለቆራሌው የሚሸጠው ማነው? ሲኖትራኩን ከልክ በላይ አሸዋ ጭኖ የሚያሳልፈውስ?

መሐንዲሱ፦ ስለ ጭነቱ እውነት ተናገርክ። ለሌላ ክብደት የታሰበ ድልድይ ላይ በየሌሊቱ እንደዚያ ሲታለፍበት ምንም ቢጠገን ቶሎ ያረጃል። እኔም ጥገና አይጠቅምም አላልኩም። ጥገና ብቻውን አይበቃም ነው ያልኩት። በመሣሪያ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦ እስከዚያው ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ይዤ ልጠርገው ነው። የተላጠውንም ሲሚንቶ እንለስነዋለን።

መሐንዲሱ፦ መጥረጉን ጥረገው። ልስኑን ግን ተወው! ዝገቱ ሳይፋቅ ከለሰንከው ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ነገ የሚፈትሸው ሰውም ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ፌሮውን ፎቶ አንሳው፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጥና። ከስድስት ወር በኋላ ስታነሳው ይለያል።

ባለሚኒባሱ፦ እኔ አሁንም አዲስ ይሠራልን ባይ ነኝ። አካፋ ግን መኪናዬ ውስጥ አለ። ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?