ጌሾ ከዘር ያፈላችሁ፣ ምን አጥፍቼ ነው ያልበቀለልኝ?

የጓሮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ከጓሯችን ጌሾ የለቀመችውን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልኝ። አተር የማያክል፣ በስሎ የጠቆረ፣ ሲጫኑት ጣት የሚያቀልም ፍሬ ነው። ግማሹን በዚያው ቀን እንዳለ ቆርቆሮ ላይ አፈር ሞልቼ አንድ ጣት ያህል ቀበርኩትና ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ሁለት ወር ሞላው፣ ብቅ ያለ የለም። ትናንት ቆፍሬ ባየው ሻግቷል። የቀረው ግማሽ መስኮት ላይ ተሰጥቷል፤ እሱንም እንዳላበላሸው ፈራሁ። ከገበያ የምገዛው ጌሾ ብዙ ጊዜ የከረመ ነው፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ጠላዬም የእናቴን ጠላ አልሆን ብሎኛል። የራሴን ዛፍ እፈልጋለሁ።

ችግኝ አፍሊ፦
እህቴ፣ ዘሩ ጥፋት የለበትም። ሥጋው ሳይለቅ መቀበሩ ነው ያሻገተው፤ ጥልቀቱም በዝቷል። እኔ ወንዶ ገነት አጠገብ ችግኝ አፈላለሁ፣ ጌሾ የማላፈላበት ዓመት የለም። የቀረሽ ፍሬ ስለደረቀ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ጠዋት ከአሸዋ ጋር በመዳፍሽ እሺው፣ ሥጋው ሲለቅ በውሃ አጥሪው። የተንሳፈፈውን ድፊ፣ የዘቀጠውን ያዢ። ጥላ ላይ አጠፍፊና ሳታቆዪ ዝሪ፤ የጌሾ ዘር ትኩሱ ነው ጥሩ።

የምጠቀመው ሦስት እጅ ጥቁር አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዘሩ እንዳይታይ ያህል ብቻ አልብሺው፣ ላዩ ላይ ደረቅ ሣር ጣል አድርጊ። ቆርቆሮው ሥሩ ካልተበሳ ብሺው! ውሃ ከቋተ የዘራሽው ሁሉ ይበሰብሳል። አንዱ በወሩ፣ ሌላው በሁለት ወሩ ይወጣል፤ ስለዚህ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትደፊው። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፖሊቲን (የችግኝ ላስቲክ) አዛውሪው፣ ክረምት ሲገባ መሬት ላይ ትከዪው። ጌሾ የወይና ደጋና የደጋ ተክል ነው፤ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይስማማዋል። የሚጎዳው በጋ ላይ ውሃ ማጣት ነው። በሁለተኛው ዓመት ትንሽ ቅጠል ታገኛለሽ፣ ግን አትመልምዪው።

እማማ ጥንስስ፦
ልጄ፣ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ሲደርስልሽ ቅጠሉን አድርቀሽ ውቀጪውና በወይራ በታጠነ እንስራ ውስጥ በውሃ ጠንስሺው። ብቅሉና ቂጣው የሚገባው ጥንስሱ ከዋለ ካደረ በኋላ ነው። ለጠጅ የሚሆነው እንጨት ተቆራርጦ ብርዙ ላይ ይገባል፤ ሳይመርር ማውጣት ግን ያስፈልጋል፣ በየቀኑ ቅመሺው። ጥሩ ጌሾ ደርቆም አረንጓዴነቱ አይጠፋም፣ ስትጨብጪው ይንኮሻኮሻል። እኛ ጋ ለቶንሲልም ይታኘካል። ልጅ ከሆነና ትኩሳት ካለው ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የጓሮ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳላችሁኝ አድርጌ ከዘራሁ ዛሬ 41 ቀኑ ነው። ሰባት ወጥተዋል! የመጀመሪያውን ያየሁት ሣሩን ሳነሳ ነው፤ ግንዱ ክር ያክላል፣ ላዩ ላይ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች አሉ። ለእናቴ ደወልኩላት፣ እልል አለችልኝ። የጎረቤት ዶሮ እንዳይጭረው በሾህ አጥሬዋለሁ። ሁሉም ከጸደቁልኝ ሦስቱን አስቀርቼ የቀሩትን ታቦር አካባቢ ላለ ሰው አካፍላለሁ። የሚፈልግ እዚሁ ይጻፍልኝ።